ከጋሪ የተፈታ ፈረስ

(በደብረ ማርቆስ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ መንገድ ላይ አቁሞኝ፣ «ሰው ጡረታ ባላገኘበት አገር ስለ ፈረስ ጡረታ ልታወራ ነው?» አለኝ። የተናገረው በቀልድ ነው፤ ጥያቄው ግን ቀልድ ስላልሆነ ከእርሱ ልጀምር። እውነት ነው፤ ባለጋሪው ጡረታ የለውም። ያለው አንድ ፈረስ ነው። የልጆቹ ደብተር፣ የቤት ኪራዩ፣ የዕድር መዋጮው ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ፈረስ ጉልበት ነው። ስለዚህ ፈረሱ ሲወድቅ ሰውየውም አብሮ ይወድቃል፤ ስለ አንዱ ስንነጋገር ስለ ሌላውም እየተነጋገርን ነው።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ጥናት አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በወርኃ ሰኔ፣ ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ ከከተማው መውጫ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አንድ ዳማ ፈረስ ቆሞ አየሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጀርባውን ገጣባ በልቶታል፤ ደረቱ ላይ ጠፍሩ የላጠው ጠባሳ አለ፤ አንድ የፊት እግሩን መሬት ለማስነካት ይፈራል። ልጓምም ገመድም የለውም። መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ አይደነግጥም። እኔ ስቀርበው ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ ጎኑን ሰጥቶኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ባለጋሪዎች ሲያስረዱኝ ተረዳሁት፤ ተሳፋሪ መጣ ብሎ ነው። ትንሽ አሻሽቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት ያገኘሁት ጅብ የተወውን ብቻ ነበር።

የዚያን ፈረስ ባለቤት ልከስ አልመጣሁም፤ ማንነቱንም አላውቅ። እኔ ራሴ አይቼው ያለፍኩ ሰው ነኝ።

አገራችን ፈረስን ስታከብር የኖረች አገር ናት። ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ተጠሩ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተባሉ። እኛም ጎጃሜዎች በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር ሳንል ስሙን አንጠራም። ቋንቋችን ለፈረስ መልክ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ የሚል ስም አለው። ለዕቃው ልጓም፣ ኮርቻ፣ እርካብ፣ ግላስ ይላል። ጠባቂውን ባልደራስ ብሎ ሾሞታል። ሥራውን የጨረሰ ፈረስ ግን ስም የለውም። ስለ እንዲህ ያለው ፈረስ የምንለው «ተለቀቀ» ብቻ ነው። ቃሉ ነፃነት ያለበት ይመስላል። የሚለቀቅበት ቦታ ግን የአስፋልት ዳር ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ጥቂት ወደ ውጭ ልውጣ። በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በስዊድን፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ፈረስ ቀላል ባለሁለት ጎማ ጋሪ እየሳበ የሚሽቀዳደምበት ስፖርት አለ። ውድድሩ በግልቢያ አይደለም። አንዳንዶቹ ፈረሶች የሚሮጡት በሶምሶማ ነው፤ የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ እግር አብረው ይነሣሉ። ሌሎቹ የአንድ ወገን እግሮቻቸውን አብረው እያነሡ ይሄዳሉ፤ የእኛን ሰጋር በቅሎ የሚያውቅ ሰው አካሄዱን ለመገመት አይቸገርም። ወደ ግልቢያ የገባ ፈረስ ነጂው ስቦ ወደ አካሄዱ ሊመልሰው ግድ ነው። የአሜሪካው ዝርያ ስታንዳርድብሬድ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 አንድ ማይልን በሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ውስጥ መጨረስ የዝርያው መለኪያ ሆኖ በመደንገጉ ነው።

በአሜሪካ ደንብ ዐሥራ አራት ዓመት ያለፈው ፈረስ አይወዳደርም፤ ብዙዎቹም ከዚያ በጣም ቀድመው ይወጣሉ። ፈረስ ደግሞ በደህና ከተያዘ ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። የቀረው ዕድሜ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ካነሡት መካከል በጎ ፈቃደኞች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒው ጀርሲ የስታንዳርድብሬድ ጡረታ ፋውንዴሽን፣ በ1992 ደግሞ በኦሃዮ «ኒው ቮኬሽንስ» የተባለው ድርጅት ተቋቋሙ። ሥራቸው ፈረሱን ተቀብሎ ማሳከም፣ ጀርባው ላይ ሰው መሸከምን ማልመድ፣ ለዓመታት የተከለከለውን ግልቢያ ማስተማር፣ ከዚያም ለአዲስ ቤተሰብ በውል መስጠት ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ደብረ ማርቆስ ገልብጦ ማምጣት ግን አይቻልም። እዚያ ከውድድር የወጣው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ወጣትና ጤነኛ ነው፤ ለመዝናኛ የሚፈልገው ባለገንዘብም አለ። የእኛ ፈረስ ከጋሪ የሚፈታው ተሰብሮ ወይም ታሞ ነው። አለዚያም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደምናየው ባጃጅ ቦታውን ወስዶበት ነው። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ፈረስ ነው ተስፋ የሚሰጠኝ፤ ጉልበት አለው፤ የጠፋው ሥራው ነው። ባጃጅ ወደ ከተሞቻችን ሲገባ ስለ መንገዱ፣ ስለ ታሪፉ፣ ስለ ማኅበሩ ብዙ ተብሏል። ፈረሶቹ ወዴት ይሄዳሉ ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ግን ሁላችንም ጋሪ ፍለጋ እንወጣለን።

ከዚያ ሰኔ በኋላ ጥቂት ሰዎች ተሰባሰብን። ሦስት መምህራን፣ ዐሥራ ሁለት ያህል ተማሪዎች፣ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያና ሁለት ባለጋሪዎች ነበርን። እስከ ዛሬ ስም አላወጣንም፤ ማኅተምም የለንም። አንድ አዛውንት ጓሯቸውን ሰጡን። በየወሩ እንደ ዕቁብ እናዋጣለን። ጠላ ጠማቂ እናቶች አተላ ይሰጡናል፤ ጭድ ውቂያ ሲያልቅ በርካሽ ገዝተን እንከምራለን። ክረምት ላይ የጭድ ዋጋ ሲወጣ ይህ ክምር ምን ማለት እንደ ሆነ የገበሬ ልጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ዘጠኝ ፈረሶች ተቀበልን። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ እንደ ትልቅ ነገር እንድትሰሙት አልፈልግም። አራቱ ዛሬ ገጠር ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው። ሁለቱ ታክመው ወደ ባለቤቶቻቸው ተመለሱ። አንዱን ከእጃችን አጣነው፤ ስለ እርሱ እመለስበታለሁ። ሁለቱን በመድኃኒት አሳርፈናቸዋል፤ ስለ እነርሱም እናገራለሁ።

ስለ አራቱ ልንገራችሁ። የተሰማሩት በአዊ ነው። በዚያ በፈረስ ማረስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከእኛ የበሬ አገር ሰዎች በቀር የሚደነቅበት የለም። የአዊ ሰው ፈረስ ያውቃል። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞቹ እኛ ብንባልም መምህሩ ገበሬው ነበር። የእኛ ድርሻ ፈረሱን እዚያ እስኪደርስ ማዳን ነው። መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ያህል ምንም ሥራ አይነካም። ቁስሉ በየቀኑ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ይታጠባል፤ ሰኮናው ይስተካከላል፤ ጥርሱ ይታያል፤ የትላትል መድኃኒት ይወስዳል። ገጣባ የሚድነው ከጀርባው ላይ ዕቃ ሲነሣለት ነው፤ ሌላው ሁሉ አጋዥ ነው። ባለጋሪው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ስድስት ሳምንት ያለ ገቢ መቀመጥ ስለማይችል ነው።

ቀጥሎ የመጣው ያልጠበቅነው ነገር ነበር። የጋሪ ፈረስ በቀኝና በግራው እንጨት ይዞት ኖሯል። እንጨቱ ሲነሣለት ደስ የሚለው መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን ፈራ። ሜዳ ላይ ሲለቀቅ እንደ ተገተረ ይቆማል፤ ወደ ጎን መዞር አያውቅበትም። ለማረስ ደግሞ ዋናው ችግር ፍጥነት ሆነ። ፈረሱ የሚያውቀው ሶምሶማን ነው። ማረሻ የሚፈልገው እርጋታ ነው። ለዓመታት በጅራፍ «ቶሎ» የተባለውን እንስሳ «ቀስ» ለማለት ማሠልጠን ከጠበቅነው ሁሉ ረጅሙ ሥራ ነበር። ገበሬው ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ከአንዲት ያረጀች፣ ረጋ ያለች ባዝራ ጋር ጠመደው። ሲሮጥ እርሷ አትሮጥም። ሲጎትት አትከተለውም። በሦስተኛው ሳምንት እርምጃውን ከእርሷ ጋር አስተካከለ። እኔ ያሰብኩትና በወረቀት ያዘጋጀሁት የሥልጠና መርሐ ግብር አንድም ቀን አልተከፈተም፤ ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ከማሳው ዳር ስቆም ፈረሱ እርሻውን አቋርጦ ቆመ። ገበሬው ቢለው ቢለው አልነቃነቅ አለ። በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መምህር፣ እባክዎ ከዳር ይሽሹልን፤ ይኸ ፈረስ የቆመ ሰው ካየ ካላሳፈርኩ አልሄድም ይላል» አለኝ። ከዛፍ ጀርባ ሄጄ ስደበቅ ሥራው ቀጠለ።

ለግልቢያ የተሠለጠነ አንድ ፈረስም አለ። ከአራቱ አንዱ ነው፤ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ይሄዱበታል። ይህ ፈረስ ሲጎትት የኖረ እንጂ ሰው ተሸክሞ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ባዶ ኮርቻ፣ ቀጥሎ ጭድ የሞላ ጆንያ፣ ከዚያም ክብደቱ ቀለል ያለ ልጅ እያልን አለመድነው። ሦስት ወር ፈጀ።

አሁን ወደ ጠፋው ልመለስ። አምስተኛውን ፈረስ ለአንድ ሰው በነፃ ሰጠን። ሰውየው ድሃ ነበር፤ ፈረሱም ወፍሮ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ጋሪ ላይ ታስሮ አየነው። ተማሪዎቹ ተናደዱ። እኔ ግን የተናደድኩት በራሳችን ነው። በነፃ የሰጠነው ጤነኛ ፈረስ ለችግረኛ ሰው በእጅ የገባ ገንዘብ መሆኑን ማሰብ ነበረብን። ከዚያ ወዲህ የምንሰጠው በሦስት ሽማግሌዎች ፊት በሚፈረም ውል ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ «መሸጥ ከፈለግህ አስቀድመህ ለእኛ»። ውሉ ፍርድ ቤት መቆሙን አላውቅም፤ በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ግን በዚህ አገር እስከ አሁን ዋጋ አለው።

አዲስ ቤት መፈለግ የሚጎዳበትም መንገድ አለ፤ የእንስሳት ጤና ተማሪዎች ይህን በተለይ ስሙኝ። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባለውን በሽታ ታውቁታላችሁ፤ ፈንገስ በቁስል በኩል ገብቶ በቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ያወጣል፤ እብጠቱ ይፈነዳል፤ ዝንብ ወደ ሌላው ፈረስ ቁስል ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን የመረመረ ጥናት በሽታውን በ18.8 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ይበልጥ የሚበረታው ሞቃትና እርጥበት ባለበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር በሚሆን ከፍታ ነው። እኛ ከዚያ በላይ ብንሆንም እንደ ፍኖተ ሰላም ያሉት ከእኛ ዝቅ ያሉ ከተሞች በዚሁ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ፈረስ ደግሞ በገበያ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። በርኅራኄ ተነሣሥተን አንድ የታመመ ፈረስ ወደ ጤነኛ መንደር ብናስገባ የሠራነው ምጽዋት አይደለም። ስለዚህ እብጠት ያየንበትን ፈረስ አንቀበልም። ባለቤቱ እያለቀሰ ሲለምነን እንኳ አንቀበልም። ከዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ሁለቱን ስላሳረፍናቸው ብዙ ተነቅፈናል፤ ነቀፋውን እዚህ ፊት ለፊት ማንሣት ይገባኛል። አንዱ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ሁለተኛው በሽታው ገፍቶበት መብላት አቁሞ ነበር። ጓሯቸውን የሰጡን አዛውንት፣ «ነፍስ የሚወስድ የሰጠ ነው፤ እናንተ ማን ናችሁ?» አሉን። ቃላቸው ከባድ ነው። በእኛ አገር የፈረስ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ያረጀ ፈረስ እንደ በሬ ታርዶ አያልፍም። የማይታረደውንና የማይሠራውን እንስሳ ለተፈጥሮ መተው እንደ ምሕረት ተቆጥሮ ኖሯል። ነገር ግን ያ ሰኔ ያየሁት ፈረስ ለተፈጥሮ የተተወ ነበር። ጅብ ሳይሞት ጀምሮታል። ቁስለኛን እንስሳ በሌሊት አስፋልት ዳር ማቆም ፍርዱን ለፈጣሪ መተው አይመስለኝም፤ ፍርዱን እኛው ፈርደን አፈጻጸሙን ለጅብ መስጠት ነው። አዛውንቱ አልተስማሙኝም። ጓሯቸውን ግን አልከለከሉንም፤ በሁለተኛው ፈረስ ቀን ከቤታቸው ሳይወጡ ዋሉ።

ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ ስትደርስ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ተጠቅሞ የሸጣቸው ፈረሶች አርጅተው፣ ቆስለው፣ ዕቃ ሲጎትቱ አገኘች። በ1931 ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ፈረሶችን ገዛች። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል፣ ከገዛቻቸው አብዛኞቹ ከመዳን ያለፉ ስለ ነበሩ እንዲያርፉ መደረጋቸው ነው። ለሕይወት አይደለም የገዛቻቸው፤ ለደህና ሞት ነው። በ1934 ካይሮ ላይ የፈረስ ሆስፒታል አቋቋመች፤ በስሟ የሚጠራው ድርጅት ዛሬ በአገራችንም ይሠራል። ከእርሷ የወሰድኩት ነገር አንድ ነው፤ የድሃውን ባለቤት ሳትወቅስ ፈረሱን በዋጋ ከእጁ መቀበሏ።

ሕዝባችን ግድ የለውም የሚለውንም አልቀበልም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ የተዘጋው በነዋሪዎች ተቃውሞ ነው። ስሜቱ አለ። የጎደለው ስሜቱ የሚሰማራበት ቦታ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም እንስሳን ማሠቃየትን ይከለክላል፤ ሆኖም ባለጋሪውን ወህኒ የሚልክ ሕግ ፈረሱን ቀለብ አይሰፍርለትም፤ ቅጣት ብቻ ከሆነ ፈረሶቹ የሚለቀቁት ይበልጥ በጨለማ ይሆናል።

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። በጎ ፈቃድም እንደዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ዘጠኝ ፈረሶችን እዚህ አድርሰናል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ውጊያ የእኛ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከተማው ለባጃጅ መንገድ ሲሰጥ ለጋሪው ፈረስ ቢያንስ አንድ የመቆያ ግቢ ሊሰጥ ይችላል። የዕድር ዳኞች እዚህ ተቀምጣችኋል፤ የባለጋሪ ፈረስ ሲታመም ለስድስት ሳምንት ቀለብ የሚሆን መዋጮ፣ ለሐዘን እንደምታዋጡት ሁሉ፣ ሊታሰብ የማይችል ነገር ነው? በዚህ ግቢ ያለነው ደግሞ የሚለቀቁትን ፈረሶች ብዛት የቆጠረ አንድም የመመረቂያ ጽሑፍ እጄ አልገባም፤ የሚያፍር ካለ ከእኔ ጋር ይፈር።

አንድ ተስፋም አለኝ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን ሸልሞ በዓሉን ያከብራል፤ በዓድዋ የተሠዉትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ያስባል። ለሞተ ፈረስ መታሰቢያ የሚያደርግ ማኅበር የትም አገር ብዙ የለም። በሕይወት ላለው፣ ከጋሪ ለተፈታው ፈረስ አዲስ ቤት በመፈለግ ከእኛ ጋር እንዲሠሩ ልንጠይቃቸው ተዘጋጅተናል። ደብዳቤውን የሚጽፉት ተማሪዎች ናቸው፤ ይዘን የምንሄደው ግን ከአራቱ ገበሬዎች አንዱን ነው፤ ከደብዳቤው ይልቅ የሚሰሙት እርሱን ይመስለኛል።

በጓሮው አሁን ሁለት አዳዲስ ፈረሶች አሉ፤ ከዘጠኙ ውስጥ አልቆጠርኳቸውም። አንዱ ቦራ ነው፤ ገጣባው እየደረቀ ነው። ሁለተኛው አምባላይ ነው፤ ባለቤቱ ባጃጅ ገዝቶ በገዛ እጁ እየሳበ አመጣልን፤ በየእሑዱ እየመጣ ያየዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሰኮና የሚያስተካክለው ባለሙያችን ስለሚመጣ መማር የምትፈልጉ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ። ቦቲ ያላችሁ አድርጉ። ግቢው ጭቃ ነው። ከአምባላዩ ፊት ለፊት ዝም ብላችሁ አትቁሙ፤ ጎኑን ሰጥቶ ይጠብቃችኋል፤ ካልሄዳችሁም ከዚያ አይነቃነቅም።

 ጥያቄ ካለ፣ ከባለጋሪዎቹ እንድንጀምር እለምናለሁ።